ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ፦ ስለ ፍየል አይብና ስለ ማርጋሪን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በአንባቢያን ዓምዳችሁ ላይ ለልጆች የፍየል አይብ ከመስጠት ይልቅ ዳቦውን ማርጋሪን ቀብቶ ማብላት ይሻላል የሚል ምክር ወጥቶ አንብበናል። የቀረቡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ ማርጋሪን ኮሌስትሮል የለውም፣ አይበላሽም፣ ለጾምም ይሆናል። ሐሳቡ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን ከሸዋ ሮቢት እስከ አታዬ፣ ከዓለም ከተማ እስከ አረርቲ በየሱቁ በራፍ የሚሰማ ክርክር ነው። ስለዚህ በሰሜን ሸዋ በሥነ ምግብና በወተት ማቀነባበር ሙያ የተሰማራን ሰዎች ይህን ደብዳቤ በጋራ ልከናል።

ሲጀመር ንጽጽሩ ራሱ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ዳቦ ላይ በመቀባታቸው ብቻ ነው። ማርጋሪን ስብ ነው። የፍየል አይብ ደግሞ ስብም ያለው የፕሮቲን ምግብ ነው። የተለመደው ዓይነት ማርጋሪን ከ100 ግራሙ 80 ግራሙ ስብ፣ 16 ግራም ያህሉ ውኃ ነው፤ የቀረው ጨው፣ ዘይቱንና ውኃውን አዋሕዶ የሚይዝ ንጥረ ነገር፣ ቀለምና መዓዛ ነው። ኃይሉ 717 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል። ፕሮቲኑ ግን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ካልሲየሙም ከቁጥር አይገባም። 100 ግራም ለስላሳ የፍየል አይብ 264 ኪሎ ካሎሪ፣ 18.5 ግራም ፕሮቲን፣ 21 ግራም ስብ፣ 140 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 256 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ አለው፤ 60 ግራም ያህሉ ውኃ ነው።

መቼም 100 ግራም ማርጋሪን በአንድ ቁርስ የሚበላ የለምና ወደ ማንኪያ እናውርደው። አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ማርጋሪን 14 ግራም ይመዝናል፤ 100 ኪሎ ካሎሪና 11 ግራም ስብ ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ባዶ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ የሚሆን 30 ግራም የፍየል አይብ 80 ኪሎ ካሎሪ፣ 6 ግራም ስብና 5.5 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ፕሮቲን 13 ግራም ገደማ ነው። ጠዋት 30፣ ማታ 30 ግራም አይብ የበላ ልጅ 11 ግራሙን ከዚሁ አገኘ ማለት ነው። ማርጋሪን የተቀባለት ልጅ ሆዱ ሊሞላ ይችላል፤ ሥጋ የሚሠራበት ግን አላገኘም።

ዳቦው ራሱ ፕሮቲን አለው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስንዴም፣ የመንዝ ገብስም፣ ጤፍም ፕሮቲን አላቸው። ችግሩ የእህል ፕሮቲን ላይሲን በሚባለው አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ከፕሮቲን መገንቢያዎቹ በአንዱ፣ ድሃ መሆኑ ነው። ሰውነት ፕሮቲን ሲገነባ አንዱ አሚኖ አሲድ ሲያጥረው ሌላው ተትረፍርፎም አይረዳውም። የወተት ፕሮቲን ደግሞ በላይሲን ሀብታም ነው። ስለዚህ ከገብስ ዳቦ ጋር የተበላ አይብ የራሱን ፕሮቲን ከመስጠቱም በላይ የዳቦውንም ፕሮቲን ሥራ ላይ ያውለዋል። ማርጋሪን ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ይህን ስንል ማርጋሪንን ለማራከስ አይደለም። ቫይታሚን ኤ የተጨመረበት ማርጋሪን በ100 ግራም 800 ማይክሮ ግራም ገደማ ሊይዝ ይችላል፤ የፍየል አይብ 290 ገደማ ነው። በማንኪያ ሲሰላ ለ14 ግራሙ ማርጋሪን 112፣ ለ30 ግራሙ አይብ 87 ማይክሮ ግራም ይደርሳል። በዚህ በኩል ማርጋሪኑ ቀደመ። ግን ማሸጊያው ላይ ቫይታሚን ኤ መጨመሩ ካልተጻፈ ምንም የለም ብሎ መያዝ ነው፣ ዘይቱ ሲጣራ አብሮ ወጥቷልና። በነገራችን ላይ የፍየል ወተት እንደ ላም ወተት ወደ ቢጫ የማያደላው ፍየሏ በቅጠል ያገኘችውን ካሮቲን የተባለ ቢጫ ቀለም ወደ ቫይታሚን ኤ ቀይራ ስለምትጨርሰው ነው። ነጣ ብሎ የታየው ወተት ቫይታሚን የለውም ማለት አይደለም።

ስብም ጠላት አይደለም። ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ውስጥ ያለው ካሮቲን ወደ ደም የሚገባው በማዕዱ ላይ ጥቂት ግራም ስብ ሲኖር ነው፤ ያለ ቅባት የተቀቀለ ጎመን ይህ ያመልጠዋል። አይብ በጎመን ያበሰለ ሰው ይህን ችግር ሳያውቀው ፈትቶታል። አንድ የሻይ ማንኪያ ማርጋሪንም ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የኑግ ዘይትም እንዲሁ። እኛን ከጠየቃችሁን ለዚህ ሥራ የኑግ ዘይቱን እንመርጣለን። ከስቡ ከ70 በመቶ በላዩ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ከፓልም ዘይት በተሠራ ማርጋሪን ውስጥ ይህ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ኮሌስትሮሉ። ማርጋሪን ከአትክልት ዘይት ከተሠራ ኮሌስትሮል የለውም፤ ይህ ትክክል ነው። 100 ግራም ለስላሳ የፍየል አይብ 46 ሚሊ ግራም አለው። ይሁንና በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ከሁሉ በላይ የሚያንረው በምግቡ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ሳይሆን ሳቹሬትድ የሚባለው፣ በብርድ የሚረጋው ስብ፣ ከእሱም የባሰ ደግሞ ትራንስ ስብ ነው። ትራንስ ስብ መጥፎውን ኮሌስትሮል ይጨምራል፣ ጥሩውን ይቀንሳል፤ ሁለቱን ባንዴ የሚያበላሽ ይህ ነው። ፈሳሽ ዘይት እንዲረጋ ሃይድሮጂን በከፊል ሲጨመርበት ይፈጠራል። ዘዴውን ጀርመናዊው ኬሚስት ቪልሄልም ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1902 የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል። የመጀመሪያው ማርጋሪን እንኳ የአትክልት አልነበረም፤ ፈረንሳዊው ሜዥ ሙሪዬ እ.ኤ.አ. በ1869 የሠራው ከበሬ ስብና ከወተት ነው። ከአትክልት የመጣ ነገር ሁሉ ለልብ ይስማማል የሚለው እምነት ከታሪኩም ከኬሚስትሪውም ጋር አይገጥምም።

ስለዚህ ከኮሌስትሮል ነጻ የሚለውን ትልቅ ጽሑፍ ትታችሁ ከጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። በእንግሊዝኛ ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ የሚል ካለ ትራንስ ስብ አለበትና መልሱት። ፉሊ ሃይድሮጂኔትድ የሚል ከሆነ ትራንስ ስቡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ግን ሳቹሬትድ ስቡ ከፍ ያለ ነው። ሃይድሮጂኔትድ ብቻ ብሎ በከፊል ይሁን በሙሉ ያልለየውን እንደ መጀመሪያው ቁጠሩት። ትራንስ ፋት ዜሮ ተብሎ የተጻፈውም አንዳንዴ ያሳስታል። ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ በአንድ ጊዜ መመገቢያ መጠን ውስጥ ከግማሽ ግራም በታች ከሆነ ዜሮ ብሎ መጻፍ ይፈቀዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥታት በፋብሪካ የሚፈጠረውን ትራንስ ስብ እስከ 2023 ከምግብ እንዲያስወጡ ጠይቋል፤ ያቀረበውም ገደብ ከ100 ግራም ስብ 2 ግራም ነው። ማሸጊያው የትራንስ ስብ መጠን ከነገራችሁ በዚህ መዝኑት። ሳቹሬትድ ስቡ እንደተሠራበት ዘይት በ100 ግራም ከ15 እስከ 40 ግራም ሊደርስ ይችላል። ሞቃት ቦታ ላይ ሳይቀልጥ ደርቆ የሚቆይ ማርጋሪን ብዙውን ጊዜ ከላይኛው ወገን ነው።

የፍየል አይብም ነቀፌታ አያጣም፤ ሙያተኛ የሆነ ሰው ይህን መደበቅ የለበትም። ከ100 ግራሙ 14.6 ግራሙ ሳቹሬትድ ስብ ነው። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበላ አዋቂ የሚመከረው ጣሪያ 22 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው 100 ግራም አይብ ቢበላ ከዕለት ድርሻው ሁለት ሦስተኛውን ጨረሰ። እንዲህ ላለው ሰው ቅቤው ከወጣለት አሬራ የሚሠራው የላም አይብ ይሻለዋል፤ በዚያኛው ውስጥ ስቡ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ፕሮቲኑ 15 በመቶ ገደማ ነው። የፍየል ወተት ፎሌት በተባለው ቫይታሚንና በቫይታሚን ቢ12ም ደካማ ነው። በዚህ ምክንያት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ከእናት ጡት ወተት ይልቅ በፍየል ወተት ማሳደግ ከባድ የደም ማነስ ሊያመጣ ይችላል። ፍየል የማትቀምሰው ቅጠል የለምና ወተቷ መድኃኒት ነው እየተባለ ለአራስ ልጅ የሚሰጥበት አካባቢ አለ፤ ይህ መቅረት አለበት። 6 ወር ካለፈው በኋላ ግን በደንብ ከፈላ ወተት የተሠራ፣ ጨው ያልገባበት አይብ በገንፎው ላይ ጥቂት ቢደባለቅለት ጥሩ ነው፤ ጡቱም እስከ 2 ዓመት ይቀጥል። የላም ወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ደግሞ የፍየሉም አብዛኛውን ጊዜ አይስማማውም።

አይብ ሁሉ የካልሲየም ጎተራ ይመስላል። ለስላሳው አይብ ግን እንዲህ አይደለም። ወተቱ በደንብ ኮምጥጦ ሲረጋ አሲዱ ካልሲየሙን ከፕሮቲኑ ላይ ያላቅቀውና ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። 60 ግራም ለስላሳ አይብ 84 ሚሊ ግራም ካልሲየም ብቻ ይሰጣል፤ ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ የሚያስፈልገው 700 ነው። የቀረውን ከወተት፣ ከጤፍና ከጎመን ይፈልግ። ወተቱ ሳይኮመጥጥ በኃይል ሞቆ በሎሚ የሚረጋው አይብ ግን አሲዱ ስለሚያንስ ከካልሲየሙ የተሻለውን ያስቀራል። በቤት ውስጥ ቢሠራ የምንመክረውም ይኸኛውን ነው።

አሠራሩን ዘርዘር እናድርገው፤ አይብ አይሆንም ተብሎ ፍየሏ የምትቀረው በአብዛኛው እዚህ ላይ በሚፈጠር ስህተት ነው። ደጋ ላይ የለመድነው መንገድ ወተቱን አርግቶ፣ ንጦ ቅቤውን ማውጣትና አሬራውን አሙቆ አይብ ማድረግ ነው። በፍየል ወተት ይህን የሞከረ ይደክማል። የስቡ እንክብሎች ደቃቅ ናቸው፤ በላም ወተት ውስጥ ስቡን አሰባስቦ ወደ ላይ የሚያወጣው ፕሮቲንም በፍየል ወተት ውስጥ እምብዛም የለም። ስለዚህ ስልባቦቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ቅቤውም ጥቂት ነው። የፍየል ወተት ቅቤው ሳይወጣለት ከነስቡ ወደ አይብ ቢሄድ ያዋጣል።

ሥራው የሚጀምረው ከማለቡ ነው። አውራው ወይም ወጠጤው ከሚታለቡት ፍየሎች ጋር አብሮ ካደረ ሽታው ወተቱ ላይ ይያዛል፤ በሚታለብበት ጊዜ ይራቅ። ጡቱ ይታጠብ፣ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ይደፉ። ግልገሉ መጀመሪያ ድርሻውን ይጥባ፤ የአገራችን ፍየል በቀን ለሰው የምታተርፈው ግማሽ ሊትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። የታለበው ወተት በቅል ውስጥ ሲናጥ ወይም በሙቀት ሲቆይ ተፈጥሮ የሰጠው ኢንዛይም ስቡን ይበጥሰዋል፤ የፍየል ሽታ ብለን የምንጠላው ኃይለኛ ጠረን የሚመጣው ይህን ጊዜ ነው። ሰው ፍየሏን ያማል እንጂ ጥፋቱ የቆይታው ነው። ታልቦ ወዲያው እሳት ላይ የወጣ ወተት ጠረኑ ለስላሳ ነው። ዕቃውን በወይራ ማጠን ጥሩ ልማድ ነው፤ ጭሱ ሲበዛ ግን አይቡን ያመረዋል፣ ስለዚህ አጥኖ ማናፈስ ያስፈልጋል።

ለ1 ኪሎ አይብ 7 ሊትር ገደማ ወተት ያስፈልጋል። በንጹሕ ስስ ጨርቅ ይጠለል፤ ወፍራም መቀመጫ ባለው ድስት ይጣድ። በስስ አሉሚኒየም ድስት ከሆነ ከሥር ያርራል፣ ያረረው ሽታ ደግሞ ከአይቡ አይለቅም፤ መፍትሔው ድስቱን ውኃ በያዘ ትልቅ ድስት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ከሥር እያማሰሉ እስከ 85 ወይም 90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ማሞቅና እዚያው ላይ 5 ደቂቃ ማቆየት። ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው ከፍታው ይረዳዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 90 ወይም 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እዚህ ወተቱ ሊገነፍል ሲል ልክ ደርሷል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች መፍያው 95 ዲግሪ አልፎ ነው፤ እዚያ ዳር ዳሩ መንተክተክ ሲጀምርና እንፋሎቱ ሲበረታ፣ ገና ሳይገነፍል፣ እሳቱን መቀነስ ይገባል።

ይህ ሙቀት ሁለት ነገር ይሠራል። የመጀመሪያው ጀርም መግደል ነው። የፍየል ወተት የውርጃ በሽታ የሚባለውን የብሩሴላ ባክቴሪያ ወደ ሰው ያስተላልፋል። የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ ቆላ ላይ ወባ ወይም ታይፎይድ እየተባለ የሚታለፈውም ጥቂት አይደለም። ባክቴሪያው በ63 ዲግሪ 30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ 15 ሰከንድ ሲሞቅ ይሞታል፤ ወተቱ ስለኮመጠጠ ብቻ ግን አይሞትም፣ አሬራ ለብ አድርጎ የተሠራ አይብም ዋስትና አይሆንም። ሁለተኛው ጥቅም ምርቱ ነው፦ በለብታ በሚሠራ አይብ ከአጓቱ ጋር የሚፈሰው ፕሮቲን በኃይለኛ ሙቀት ጊዜ ከአይቡ ጋር አብሮ ይረጋል።

ከእሳት ይወርዳል፣ ጥቂት ቀዝቀዝ ይበል። ለ1 ሊትር ወተት 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 2 የሾርባ ማንኪያ የተጣራ የሎሚ ጭማቂ ይለካል፤ ለ7 ሊትር 210 ሚሊ ሊትር ሲሆን እንደ ጭማቂነቱ ከ10 እስከ 14 ሎሚ ይወስዳል። በእኩል ንጹሕ ውኃ ይቅጠን። ያልቀጠነ ጭማቂ ባረፈበት ቦታ ብቻ ደረቅ እብጠት ይፈጥርና የቀረውን ወተት ሳያረጋ ይቀራል። ቀስ እያሉ በክብ እያፈሰሱ፣ በጭልፋ በዝግታ ማማሰል። ወዲያው መቆራረጥ ይጀምራል። ጭማቂው ካለቀ በኋላ ሌላ 3 ደቂቃ በዝግታ አማስሎ 15 ደቂቃ መተው ነው።

ፍርዱን የሚሰጠው አጓቱ ነው። ጠርቶ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ካደላ ሥራው ተሳክቷል። እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ከቀረ ወይ ሎሚው አንሷል ወይ ወተቱ ከመጠን በላይ ቀዝቅዟል። መልሶ እስከ 80 ዲግሪ አሙቆ በሊትር 1 የሻይ ማንኪያ ጭማቂ መጨመር ያስተካክለዋል። ሎሚውን ከመጀመሪያው ማብዛት ግን አይቡን ያኮመጥጠዋል፣ ካልሲየሙንም ይወስደዋል። እንደ ጎማ የሚለጠጥ ሆኖ የወጣ አይብ ሎሚ ከገባ በኋላ እሳት ላይ የቆየ ነው። ደቅቆ በጨርቁ የሚያመልጥ ደግሞ በኃይል የተማሰለ ነው። የፍየል ወተት የሚረጋው ከላም ይልቅ ለስላሳ ሆኖ ስለሆነ እጅ ሊከብድበት አይገባም።

በንጹሕ ስስ ጨርቅ ላይ ይገለበጥ፣ ይቋጠር፣ ይንጠልጠል። ለሚቀባ አይብ 2 ሰዓት ይበቃል፤ የሚቆረጥ ከተፈለገ ንጹሕ ድንጋይ ጭኖ ማሳደር ነው። ጨው በኪሎ 20 ግራም፣ ማለት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ከትንሽ፣ ይደባለቃል፤ ለትንንሽ ልጆች የሚሆነው ጨው ከመግባቱ በፊት ይለይ። 100 ግራም የዚህ አይብ 2 ግራም ጨው ስለሚይዝ ደም ግፊት ያለበት ሰውም ይህን ያስብ፤ ለአዋቂ የሚመከረው ጣሪያ በቀን 5 ግራም ነው። ኮሰረት፣ ጥቁር አዝሙድ ወይም ጤና አዳም መጨመር እንደ ባለቤቱ ነው። አጓቱ አይደፋ። ስኳሩ፣ ቫይታሚን ቢ2ና ከካልሲየሙ የተወሰነው እዚያ ውስጥ ስላለ ዳቦ ይቦካበት ወይም ገንፎ ይገንፋበት፤ ፀሐይ ላይ ከቆየ ግን ቢ2ው ይጠፋል።

ማርጋሪን አይበላሽም ለሚለው፦ ከአይብ ይቆያል፣ ይህን አንክድም። አይብ ያለ ማቀዝቀዣ ቆላ ላይ በነጋታው፣ ደጋ ላይ በሁለተኛው ቀን ማለቅ አለበት፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ሻጋታ ወይም ሮዝ መሰል አተላ የታየበት ለስላሳ አይብ ተቆርጦ አይበላም፣ ሙሉው ይጣላል፣ ሥሩ ወደ ውስጥ ገብቷልና። ማርጋሪንም ቢሆን ሸዋ ሮቢት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲቀልጥ ዘይቱና ውኃው ይለያያል። ማታ መልሶ ሲረጋ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ተለይቶ የተጠራቀመው ውኃም ለሻጋታ ይመቻል። የሰም ወይም የአሮጌ ለውዝ ሽታ ከሰጠ ስቡ አርጅቷል። ሱቅ ውስጥ ፀሐይ የሚያየው መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠው ይልቅ ከጥላው ውሰዱ። 40 ወይም 60 በመቶ ስብ ብቻ ያለው ቀለል ያለው ዓይነት ለመቀባት እንጂ ለቁሌት አይሆንም፤ ውኃው ስለሚበዛ እሳት ላይ ይረጫል፣ ሽንኩርቱንም ከማቁላላት ይልቅ ይቀቅለዋል።

ጾምን በተመለከተ አይብ የፍስክ ነው፣ በዚህ ክርክር የለም። ማርጋሪን ሁሉ የጾም ነው ማለት ግን ስህተት ነው። ብዙዎቹ የወተት ዱቄት ወይም የአጓት ዱቄት ይገባባቸዋል። ማሸጊያው ላይ ሚልክ፣ ዌይ ወይም ኬዚን የሚል ቃል ካለ የፍስክ ነው። ቫይታሚን ዲ3 በአብዛኛው ከበግ ጸጉር ቅባት ይሠራል፤ ኢ 471 የተባለው ማዋሃጃም ከአትክልትም ከእንስሳት ስብም ሊመጣ ስለሚችል ሙስሊም ወገኖቻችንም ሐላል መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ይፈልጉ። ከዚህ የሚከብደው ግን ሕፃናቱ ናቸው። ለሕፃን ጾም የለም። ሆኖም በሁዳዴ 55 ቀን፣ በዚያ ላይ በየረቡዕና ዓርቡ፣ የፍስክ ነገር ድስቱን እንዳይነካው ተብሎ ልጆች አብረው የሚጾሙበት ቤት ብዙ ነው። አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለልጁ ብቻ መለየት ይህን ይፈታዋል። ለአዋቂው በጾም ቀን የአይብ ተተኪ ሽሮ፣ ምስርና አተር ነው፤ የቅቤ ተተኪ ደግሞ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት። ማርጋሪንን በአይብ ቦታ ማስቀመጥ የወጥ ዘይቱን ይዞ ሽሮውን እንደ መርሳት ይሆናል።

የዋጋውን ነገር ቁጥር ሳንጠቅስ እናስላው፣ ገበያው ዛሬና ነገ አንድ አይደለምና። የ1 ኪሎ አይብ ዋጋ ለ18.5 ይካፈል፤ የሚገኘው የ10 ግራም ፕሮቲን ዋጋ ነው። ሽሮ፣ ምስርና እንቁላልንም እንዲሁ ማስላት ይቻላል። 1 ኪሎ ምስር 240 ግራም ገደማ ፕሮቲን ስላለው ለ24 ይካፈላል። አንድ መካከለኛ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ስላለው ዋጋው ለ6 ተካፍሎ በ10 ይባዛል። ማርጋሪን በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ እሱ የሚነጻጸረው ከ1 ሊትር ዘይት ጋር ነው። 1 ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ ስብ ይዟል፣ 1 ኪሎ ማርጋሪን 800። ፍየል የሌለው ቤት አይብ ገዝቶ ልጁን ማብላት ከከበደው በዚህ ስሌት የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ እንቁላል ወይም ምስር ነው። ፍየል ያለው ግን ሎሚውን ብቻ ነው የሚገዛው።

ከአንባቢያን ጥያቄ ከመጣ በዚሁ ዓምድ እንመልሳለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

በሰሜን ሸዋ የሥነ ምግብና የወተት ማቀነባበር ሙያተኞች
ደብረ ብርሃን